የሰው አባቶች

ካሳው የአሜሪካዊውን አስተማሪ ግቢ በር ሊያንኳኳ እጁን ካነሳ በኋላ የሚስቱን ድምፅ ሰማና እጁን መለሰ።

«ጄኮብ ሳሙኤልን ወለደ» ትላለች አስረሳሽ ከአገዳው አጥር ወዲያ። «ሳሙኤል ኤዝራን ወለደ፤ ሩትን ወለደ፤ በልጅነቱ የሞተውን ጆንን ወለደ።»

«ኤዝራስ?» አለ የወንድ ድምፅ።

«ኤዝራማ ሁለት ሚስት ነው ያገባው። ከመጀመሪያዋ ዳንኤልን፣ ከሁለተኛዋ መንታ። ዳንኤል የእርስዎን አያት ወለደ።»

«በታም ጎበዝ» አለ ሰውየው፤ ሁለቱም ሳቁ።

ካሳው የመጣው የመሬት ሙግቱ ቀን መቆረጡን ሊነግራት ነበር። ከዳኛው ግቢ ወጥቶ ገበያውን ሲያቋርጥ የሚላትን ሲያሰናዳ ነው የመጣው። «መጋቢት አሥራ ሁለት ተባለ» ይላታል፤ እሷም «አይዞህ» ትለዋለች። አሁን አጥሩ ስር ቆሞ ሳቋን ሲሰማ ቀኑም ሙግቱም ከሐሳቡ ወጣ። ቤቷ ውስጥ እንዲህ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ ነው? ሊያስታውስ ሞከረና አልሆነለትም። በሩን ሳይነካ ወደ መጣበት ተመለሰ።

አሜሪካዊው ዋልተር ይባላል። በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት መስከረም ላይ ቆቦ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሊያስተምር የመጣ፣ ብስክሌት ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ አገጩን የሚነካ የሚመስል ረጅም ወጣት ነው። አስረሳሽ ቤቱን የምትይዝለት የዘንድሮው ማሽላ ስለከዳቸው ነበር። የጎሊና ጎርፍ ዘግይቶ መጥቶ አዝመራው ራስ ሳይዝ አገዳ ብቻ ሆኖ ቀረ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ የሥጋ ዘመዷ ነውና ሥራውን ያገኘላት እሱ ነው። ካሳው «እስከሚመጣው መኸር ብቻ» ብሎ ፈቀደ።

መንደራቸው ከቆቦ ወደ ሮቢት በሚወስደው መንገድ በእግር አንድ ሰዓት ያህል ይርቃል። አስረሳሽ ጎህ ሲቀድ ትወጣለች፤ ከብት ሲገባ ትመለሳለች። ከታኅሣሥ ወዲህ ግን በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ከብቱ ገብቶ፣ ላሟ ታልባ፣ ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸው እራት ጠይቀው ነበር የምትደርሰው።

«ምን አቆየሽ?» ይላታል።

«ሥራ በዛ» ትለዋለች፤ ከዚህ የበለጠ አትጨምርም።

ካሳው በሥራ አይሰንፍም፤ በነገርም አይታማም። አንድ ነገር ሲገባው ግን በልቡ ያመላልሰዋል እንጂ አያወጣውም። ሚስቱ ከፈረንጁ ቤት ስትመለስ ልብሷ የሳሙና ሽታ እንዳለው ልብ አለ። ጸጉሯን ከበፊቱ አጥብቃ እንደምትሰራ ልብ አለ። ሻይ በወተት መጠጣት መልመዷንም ልብ አለ። እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ ሰብስቦ ይዟቸዋል። የዛሬው ሳቅ ከሁሉም ከበደው።

ማታ እራት ላይ ቆሎ እየዘገነ፣ ቀና ሳይል ጠየቃት።

«ዛሬ ለዚያ ሰውዬ ምን ነበር የምትቆጥሪለት?»

አስረሳሽ ደነገጠች። «መጥተህ ነበር?»

«በዚያ አልፌ ነው።»

«ብትገባ ምን ነበረበት። የዘሩን ነገር ነው። አክስቱ ቁርበት የሚያህል ወረቀት ላከችለትና ግድግዳው ላይ ለጠፈው። የአባቶቹ ስም ከላይ እስከ ታች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተጽፎበታል። አክስቱ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ለቤተ ክርስቲያን፣ መቃብር ለመቃብር ዞራ ነው አሉ የሰበሰበችው።»

«ምን ይሠራላታል?»

«እኔም እንዲሁ ብዬ ጠየቅሁት። ለመሬት እንዳይደለ ነገረኝ፤ መሬቱ ድሮ ተሸጧል። ግን ገበሬዎች ነበሩ፤ እንደኛው። ጄኮብ የሚሉት በሁለት በሬ ጋሪ እያስጎተተ ጫካ ገባ። ዛፉን ቆርጦ መሬት አወጣ። በስድስተኛው ዓመት ዛፍ ወድቆበት ሞተ። ሚስቱ አምስት ልጅ ይዛ መሬቱን ጠበቀች፤ ጎረቤት ሊቀማት ሲመጣ ደጃፏ ላይ መጥረቢያ ይዛ ቆመች አሉ። ልጆቿ አድገው ሲካፈሉ ግን የእሷን ስም የጻፈ የለም። የጄኮብ ሚስት ብቻ ይላል። ማርታ መባሏን ያገኘችው ያቺ አክስቱ ናት።»

ስትናገር ዓይኗ በርቷል። ካሳው ዓይኗን አየ እንጂ ነገሩን አልሰማም።

«እና ካሳው፣ እኔም አሰብኩ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በእኛስ ሰው ውስጥ እንዲህ የቀረች ሴት አትኖርም ወይ? ሚስተር ዋልተርም እንዳለኝ...»

«ሚስተር ዋልተር እንዳለሽ» አለ ካሳው። የቆሎውን ሳህን ገፍቶ ተነሳና በሬዎቹን ሊያይ ወጣ።

በሬዎቹ ምንም አልሆኑም። በረቱ አጠገብ ቆሞ ጣቶቹን እያጠፈ ቆጠረ። ካሳው የአያሌው ልጅ፤ አያሌው የረዳ፤ ረዳ የሞላ። ከሞላ በላይ መንገዱ ወደ ደጋ ይወጣበታል። የሞላ አባት ከደጋ የወረደ ሰው ነበርና በእሱ በኩል የራያን መሬት ማንም አይሰጠውም። ያገሩ አቅኚ፣ መሬቱን በመጀመሪያ ያወጣው ሽበሺ ነው። ሽበሺ ድረስ ቆጥሮ የደረሰ ሁሉ ባለርስት ነው፤ ያልደረሰ ጭሰኛ ነው። አባቱ አያሌው በሕይወቱ ሳለ «እኛ በእናት በኩል ነው የምንገባው» ይል ነበር። ካሳው ያኔ ልጅ ነበርና የእናቲቱን ስም አልጠየቀም። አባቱ ሲሞት የምታውቀው የአባቱ እህት ሸዋዬ ብቻ ቀረች። ከሸዋዬ ጋር ደግሞ ተኳርፈዋል። በአባቱ ተዝካር ቀን ከአማቶቹ በታች አስቀመጠኝ ብላ እህል ሳትቀምስ ወጣች፤ እሱም «ከእንግዲህ የቤቴ ሰው ደጇን አይረግጥም» ብሎ ማለ። ስድስት ዓመት ሳይነጋገሩ ኖረው የካቲት መግቢያ ላይ ሞተች። ቀብሯ ላይ ቆመ፤ አላለቀሰም።

የከሰሰው ታደሰ የሩቅ ዘመዱ ነው። ከጎሊና ዳር ያለችውን፣ ጎርፉ ሲመጣ ቀድማ የምትጠጣዋን ማሳ ይፈልጋታል። የካሳው ቤት የሚኖረው በዚያች ማሳ ነው። ሌላው መሬታቸው ድንጋያማ ነው።

በሁለተኛው ቀን ቆቦ ገበያ ላይ ታደሰ ራሱ አገኘው። ሰው መሃል ነበሩ።

«ሚስትህ የፈረንጅ ዘር ቆጣሪ ሆነች አሉ» አለ ታደሰ ፈገግ ብሎ። «እስከ ሰባት ቤት ትዘልቃለች ይባላል። ላንተስ ማን ይቆጥርልህ ይሆን?»

በዙሪያው የነበሩት ሳቁ። ካሳው አህያውን እዚያው አስሮ በቀጥታ ወደ አሜሪካዊው ቤት ሄደ።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። አስረሳሽ ልብስ ልታጥብ ወንዝ ወርዳለች፤ ሰውየውም ትምህርት ቤት ነው። ካሳው ጫማውን ደጃፍ አውልቆ ገባ። ለምን እንዳወለቀ አላወቀም። ግድግዳው ላይ አስረሳሽ የነገረችው ወረቀት ተለጥፏል። መስመር ከመስመር ይወጣል፤ በየመስመሩ ጫፍ የማያውቀው ፊደል አለ። ወረቀቱ ግርጌ፣ የሰው እጅ በሚደርስበት ቦታ፣ ወዝ የነካው ጥቁር ምልክት ነበረበት። አስረሳሽ ጣቷን እያስኬደች የቆጠረችበት ቦታ ይሆናል ብሎ አሰበ። ያን ሁሉ ስም አንድ በአንድ በአፏ ብላዋለች። የእሱን አባቶች ስም በአሥራ አንድ የትዳር ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ከአፏ ሰምቶ አያውቅም።

ዘወር ሲል ጠረጴዛው ላይ ሌላ ወረቀት አየ። በአማርኛ የተጻፈ ነበር። ፊደሎቹ የሕፃን ይመስላሉ፤ ተንጋደዋል። ካሳው በልጅነቱ ከቄስ ዘንድ ፊደል ቆጥሯልና ቀስ ብሎ አነበበ። «ካሳው። አያሌው። ረዳ። ሞላ። ከሰላ። አበጋዝ። ሺበሺ።»

ደግሞ አነበበው። የራሱ ስም ነው፤ የአባቶቹ ስም ነው፤ በፈረንጅ እጅ ተጽፎ በፈረንጅ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ዕድሜውን ሙሉ ስሟን ያጣት የሞላ እናት ይህች ከሰላ የምትባለው መሆኗ ገባው። ሚስቱ አግኝታታለች ማለት ነው። አግኝታ ለእሱ ሳይሆን ለዚህ ሰው ሰጠችው። ወረቀቱን አጥፎ ወገቡ ላይ በመቀነቱ ውስጥ ከተተና ወጣ።

በሩ ላይ ዋልተር ብስክሌቱን እየገፋ ደረሰ። መጀመሪያ ግራ ተጋባ፤ ቀጥሎ ፊቱ በራ።

«አንተ ካሳው?» አለ። «የአስረሳሽ ባል? ተና ይስትልኝ።»

ካሳው ጫማውን እያደረገ ነበር።

«እኔ አንተን አውቃለሁ» አለ ወጣቱ ደስ ብሎት፣ እጁን እየዘረጋ። «ካሳው፣ አያሌው፣ ረዳ፣ ሞላ...»

«ተወው» አለ ካሳው። «እነሱ ያንተ አይደሉም።»

ዋልተር ቃሉ ገብቶት እንደሆነ እንጃ፣ የዘረጋው እጅ እዚያው ቀረ። ካሳው አልፎት ሄደ።

ያን ቀን አስረሳሽ በጊዜ መጣች። ካሳው ደጃፍ ተቀምጦ ጠበቃትና ወረቀቱን ዘርግቶ አሳያት።

«ይህ ምንድን ነው?»

ማንበብ አትችልም፤ ግን ወረቀቱን አወቀችው። «ገባህ እንዴ እሱ ቤት?»

«ምንድን ነው ብያለሁ።»

የያዘችውን እቃ አስቀመጠች። «የአባቶችህ ስም ነው። እኔ ነግሬው ነው የጻፈው። ስማኝ፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ።»

«ከማን ሰማሽው?»

«ከእትዬ ሸዋዬ።»

ካሳው ወረቀቱን ዝቅ አደረገ።

«ከታኅሣሥ ጀምሮ እሄድ ነበር» አለች። «ከገበያው ጀርባ ነው ቤቷ፣ መንገዴ ላይ። ታማ ተኝታ ነበር። ውሃ ቀድቼላት፣ እግሯን በቅባት አሽቼላት እመጣ ነበር። መጀመሪያ ተቆጣችኝ፤ ኋላ አንድ ቀን አንድ ስም፣ አንድ ቀን አንድ ስም ነገረችኝ። አንተ ደጇን አትርገጡ ስላልክ ሥራ በዛ አልኩህ። ስትሞትብኝ እኔም እንዳልረሳው ፈራሁና አጻፍኩት። ሌላ የሚጽፍ ማንን አውቃለሁ? ቄሱ የታደሰ አጎት ነው።»

«ለባዕድ ሰጠሽው።»

«አልሰጠሁትም። አስቀምጥልኝ ነው ያልኩት።»

«ሙግት ያለበት ሰው ቁጥሩን ለሰው አይገልጥም። ነገ ሰክሮ ለታደሰ ቢነግረውስ? እዚያ ተቀምጠሽ ስትስቂ ይህን አላሰብሽም።»

አስረሳሽ ፊቱን አየችው። አሁን ገና የሚያበግነው ምን እንደሆነ የገባት መሰለች።

«በመሳቄ ነው የተቆጣኸው?» አለች።

«ከነገ ጀምሮ እዚያ ቤት አትሄጂም።»

«እሺ። አልሄድም። ግን ቁጥሩን ከእኔ ስማው። በወረቀት እንዴት እንደተጻፈ አላውቅም፤ እትዬ ሸዋዬ እንደነገረችኝ ልንገርህ።»

«ወረቀቱ አለኝ» አለ ካሳው መልሶ እያጠፈው። «ያንቺ አፍ አያስፈልገኝም።»

አስረሳሽ ከዚያ በኋላ ወደ ቆቦ አልሄደችም። ለልጆቿ ታወራለች፤ ለእሱ የጠየቃትን ብቻ ትመልሳለች። ካሳው ቤት ስለዋለች ልቡ ያርፋል ብሎ ነበር፤ አላረፈም። ዝም ስትል ያን ሰውዬ እያሰበች ይመስለዋል። ስትወቅጥ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ካየ እነዚያን የባዕድ ስሞች እየቆጠረች ይመስለዋል። አንድ ጊዜ ቀስ ብሎ ከኋላዋ ተጠግቶ አዳመጠ። የእህሉን ስፍር ነበር የምትቆጥረው።

መጋቢት አሥራ ሁለት ቀን ዳኛው ግራዝማች ይርጋ ከግቢያቸው ደጃፍ፣ ሾላው ስር ወንበራቸውን አስወጥተው ተቀመጡ። ጸሐፊው ከጎናቸው ሳጥን ላይ ተቀምጦ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ወንዶቹ በአንድ ወገን ቆሙ፤ ሴቶቹ ራቅ ብለው በአጥሩ ጥላ ተቀመጡ። ካሳው ሚስቱን ተከተይኝ አላላትም ነበር። ዞር ሲል ግን ከሴቶቹ መሃል ነጠላዋን አጣፍታ ተቀምጣ አያት።

ታደሰ መጀመሪያ ቆመ። እጁን እያወናጨፈ፣ ሳይደናቀፍ፣ ከራሱ እስከ ሽበሺ ቆጥሮ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ በየስሙ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ካሳው ግን የሞላ የልጅ ልጅ ልጅ ነው» አለ ሲጨርስ። «ሞላ አባቱ ከደጋ የወረደ ነው። በአባቶቼ መሬት ላይ በጭሰኝነት ተቀመጠ። ስላዘኑለት አላባረሩትም። በንጉሡ አምላክ፣ የጭሰኛ ልጅ ከመቼ ወዲህ ነው ባለርስት የሚሆን?»

«ካሳው» አሉ ግራዝማች። «አንተስ?»

ካሳው ወደ ፊት ወጣ። እስከ ሞላ ድረስ በቃሉ ቆጠረ። ከዚያ ወረቀቱን አወጣ።

«ሞላ በእናቱ ነው የሚገባ» አለ። «እናቱ ከሰላ ትባላለች። ከሰላ የአበጋዝ ልጅ ናት። አበጋዝ የሽበሺ ልጅ ነው።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ታደሰ ትንሽ ጊዜ ፈራ ተባ ሲል ቆየና ፊቱ ፈታ አለ።

«ከሰላ?» አለ። «ግራዝማች፣ አበጋዝ ከሰላ የምትባል ልጅ አልወለደም። ከሰላ የሚባል የሰው ስም በራያም በየጁም ሰምቼ አላውቅም። የሰማ ካለ ይናገር።»

ማንም አልተናገረም። ከመንደራቸው የመጡት ሼህ አሊ፣ በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት፣ ስሙን በከንፈራቸው ሞክረው ራሳቸውን ግራና ቀኝ ወዘወዙ። «አልሰማሁም» አሉ።

ግራዝማች እጃቸውን ዘርግተው ወረቀቱን ተቀበሉ። ከዓይናቸው አራቁት፤ ቀረብ አደረጉት።

«ይህን ማን ጻፈው?»

ካሳው መሬት መሬት እያየ «አስተማሪው» አለ።

«የትኛው አስተማሪ?»

«ፈረንጁ።»

ከወንዶቹ ወገን ሳቅ ተነሳ። ታደሰ «የራያን ርስት አሜሪካ ሊቆጥርልን ነው» አለ፤ ሳቁ ባሰ። ግራዝማች ራሳቸው ፈገግታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ከዚያ ዝም አሰኙና ወረቀቱን ለካሳው መለሱለት።

«ልጄ፣ ርስት በአፍ ይቆጠራል እንጂ በፈረንጅ ወረቀት አይቆጠርም። ይህን ያጻፈ ሰው አለ። የሚቆጥርልህ ወኪል ካለህ አቁም። ከሌለህ በቀረበልኝ ነገር እፈርዳለሁ።»

ካሳው ወደ ሴቶቹ ዞሮ አየ። አስረሳሽ አልሳቀችም፤ አንገቷንም አልደፋችም። ዝም ብላ ታየዋለች። ስሙ በፈረንጁ እጅ መበላሸቱን እንዳወቀች፣ ትክክለኛውንም እንደያዘች ከፊቷ አነበበ። ቢጠራት ትመጣለች። ካልጠራት ግን ከተቀመጠችበት አትንቀሳቀስም፤ ያንቺ አፍ አያስፈልገኝም ያላት እሱ ነው።

እዚህ ሁሉ ወንድ ፊት ሚስቱ ቆማ አባቶቹን ስትቆጥርለት አሰበው። ታደሰ ዕድሜውን ሙሉ ያወራዋል። የጎሊናን ማሳም አሰበ፤ ጎርፉ የሚገባባትን ቦይ አባቱ በእጁ የቆፈረው ነበር።

«ወኪል አለኝ» አለ። «ባለቤቴ ናት። አስረሳሽ፣ ነይ።»

ከሴቶቹ መሃል ተነስታ መጣች። ካሳው ከቆመበት ቦታ አንድ እርምጃ ወደ ጎን አለላት፤ እሷም እዚያ ቆመች።

«የሰማሁት ከአባቱ እህት ከእትዬ ሸዋዬ ነው» አለች። ድምፅዋ መጀመሪያ ቀጠነ፤ ኋላ ተስተካከለ። «ካሳውን አያሌው ወለደው። አያሌውን ረዳ፣ ረዳን ሞላ። ሞላን ቀጸላ ወለደችው። ቀጸላ የአበጋዝ የመጨረሻ ልጅ ናት። ደገኛ በማግባቷ ወንድሞቿ ተቆጥተው ነበር፤ አባቷ ግን ድርሻዋን ሳይሰጣት አልሞተም። ድርሻዋ ከወንዙ ዳር፣ ሁለቱ የግራር ዛፎች ካሉበት ወዲህ ነው። አበጋዝን ሽበሺ ወለደው።»

«ቀጸላ» አሉ ሼህ አሊ ከዱላቸው ቀና ብለው። «ቀጸላ አልሽ?»

«አዎ፣ ሼህ አሊ።»

«ወላሂ ይህን አውቃለሁ» አሉ ወደ ግራዝማች ዞረው። «አባቴ ግመሎቹን ከአፋር ሲመልስ የሚያሳርፍባት ጥላ ነበረች። የቀጸላ ድርሻ ይላት ነበር። የቀጸላ ድርሻ ላይ አሳረፍናቸው እያለ ያወራን ነበር። እኔ የሰው ስም መሆኑን አላወቅሁም፤ የቦታ ስም ይመስለኝ ነበር። ወንዙ ዳር ናት፤ ግራሮቹ አንዱ ወድቋል፤ አንዱ አለ።»

ግራዝማች ወደ ታደሰ ዞሩ። «አበጋዝ ቀጸላ የምትባል ልጅ አልነበረውም ብለህ ትምላለህ?»

ታደሰ ጫማውን አየ። «አልምልም» አለ።

ካሳው ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ማሳዋ እንደማትሄድበት ገብቶታል። ግን አስረሳሽ ስትቆጥር ድምፅዋን ሲመዝን ነበር የቆየው፤ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ የሰማው ያው ድምፅ ነው ወይስ ሌላ ነው እያለ። ያው ነበር። ስሞቹን የምትወዳቸው ይመስላል፤ የእሱንም የባዕዱንም። ለእሱ ብቻ የተለየ ድምፅ አልነበራትም። ይህ ቆጨው፤ መቆጨቱም አሳፈረው።

ግራዝማች ማሳዋ በካሳው እጅ ትቆይ ብለው ፈረዱና ጸሐፊው ብዕሩን ነከረ።

«ቆጣሪው ማን ተብሎ ይጻፍ?» ሲል ጠየቀ።

ግራዝማች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለካሳው «ከፈለግህ ራሱ ቆጠረ ተብሎ ይጻፋል» አሉት። «ምስክሩ ቃልህን አጽንቶልሃል። መዝገብ ላይ ሚስቱ ቆጠረችለት ተብሎ ለዘላለም ከሚነበብብህ።»

ካሳው ትንሽ አሰበ። «የቆጠረችው እሷ ናት» አለ። «እሷ ተብሎ ይጻፍ።»

«ሙሉ ስሟ?» አለ ጸሐፊው። «ከነአያቷ።»

«አስረሳሽ እሸቴ» አለ ካሳው።

«አያቷስ?»

ካሳው የአያቷን ስም አያውቅም። ሲያገባት ዝምድና እንዳይኖር ሽማግሌዎች በሁለቱም ወገን ሰባት ቤት ቆጥረው ነበር። እሱም እዚያው ተቀምጦ ነበር። ያኔ ዓይኑ በሠርጉ ሰንጋ ላይ፣ ልቡም ሌላ ቦታ ነበርና አንዱንም አልያዘውም። ከዚያ ወዲህ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አልጠየቃትም። ሰዉ ይጠብቃል፤ ጸሐፊው ብዕሩን አንስቶ ይጠብቃል። አንድ ስም ፈጥሮ መናገር ይችል ነበር፤ ማን ያጣራል?

ወደ እሷ ዞረ።

«የአያትሽ ስም ማን ነው?» አላት፣ ሁሉም እየሰማ።

አስረሳሽ ቀና ብላ አየችው። «ብሩ» አለች።

«እሸቴ ብሩ» አለ ጸሐፊው እየጻፈ። «ይበቃል።»

ሲመለሱ የመኪናውን መንገድ ይዘው ሄዱ። ወደ ሮቢት የሚሄድ አውቶቡስ አቧራውን አልብሷቸው አለፈ። ካሳው ከፊት፣ አስረሳሽ ከኋላ ነበሩ። ብዙ ከሄዱ በኋላ እስክትደርስበት እርምጃውን ቀነሰ።

«ነገ ወደ ሥራሽ ሂጂ» አለ።

«ደስ ብሎህ ነው?»

«ደስስ አላለኝም።»

ጎን ለጎን ሄዱ። የማሽላ ገለባ የጫኑ ግመሎች ከፊታቸው መጡና ለማሳለፍ ወደ መንገዱ ዳር ወጡ፤ ካሳው ከእሷ አጠገብ ቆመ።

«ብሩስ» አላት፣ ግመሎቹ እስኪያልፉ ሳይጠብቅ፤ «የማን ልጅ ነው?»